ደክሟቸዋል

ሼሁ ያረጁት በብየዳ ሥራ ነው። ከሰፈሩ በርና መስኮት ግማሹ የሳቸው እጅ ያረፈበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር መነጽራቸውን አጥልቀው ላሜራ ሲቆርጡና ሲበይዱ ይውሉና፣ ዓርብ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ፈትገው፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ረዘም ያለች ክፍል ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሰዎቻቸው ዙሪያቸውን ይከቧቸዋል። ከዚያ ዚክር፣ የአላህን ስም እየደጋገሙ ማወደስ፣ ይጀመራል፤ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ የክፍሏ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ድረስ።

ያቺ ክፍል ብዙ ሰው ከገደል አፋፍ መልሳለች። ከጠርሙስ ጋር ተጣብቆ የኖረ አንድ ግንበኛ መጠጥ እርም ያለው እዚያ ነው። በአባታቸው ቤት ውርስ ሲካሰሱ የኖሩ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው የታረቁት እዚያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ተራ ገብተው ያስታምማሉ፤ ሲሞት አጥበውና ከፍነው ይቀብሩታል። በትልቁ መስጊድ የሚሰግዱ አንዳንድ ጎረቤቶች «ክብ ሠርቶ መወዛወዝ በሃይማኖታችን የለም» እያሉ ያሟቸዋል። ሼሁ ይህ ሲነገራቸው፣ «እውነታቸውን ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብለው ያልፉታል።

በሽተኛ መጥቶ «ሼሄ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» ሲላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሐኪም ምን አለህ?» ነበር። ሐኪም ጋ ያልሄደ ከሆነ፣ «ሂድና ተመለስ፤ ዱዓው የትም አይሄድም» ብለው ከደጃፍ ይመልሱታል። በዚህ ምክንያት የተቀየማቸው ሰው ነበር። በዚህ ምክንያት ነፍሱ የተረፈ ግን ይበልጣል። ሰው ቃላቸውን ሳያላምጥ የሚውጠው በሌላ ተአምር ሳይሆን በዚህ ነው፤ የሚሉት ነገር ልክ ሆኖ ስለሚገኝ።

ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ቤቱን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ናት። ከወርክሾፑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ታላቅ ወንድሟ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይኖራል። የዓርቡን ጉባኤ የሚያሰናዳው፣ እንግዳ የሚቀበለው፣ አባቱ ሲደክማቸው ዚክሩን የሚመራው እሱ ነው። ሰዉም መምህር ነው የሚለው።

የሼሁን ነገር መጀመሪያ ያየችው ልጅቱ ናት። አንድ ቀን መነጽር ሳያደርጉ ሲበይዱ አገኘቻቸው። ዓይናቸው ደም መስሎ ሲያድር፣ ረስቼው ነው አሉ፤ እሷም ይሁን ብላ ተወችው። ሌላ ቀን ጫማቸውን የውኃ በርሜል ውስጥ አገኘችው። የቀትሩን ዝሁር ሰግደው ጨርሰው፣ ምንጣፉን አጥፈው፣ ተመልሰው ዘርግተው እንደገና ሲሰግዱ አየች። ከዚያ በእናቷ ስም ይጠሯት ጀመር። ስትስቅ አብረዋት ሳቁ፤ ግን የምን ሳቅ እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። ያን ዕለት ለወንድሟ ነገረችው።

ሐኪም ቤት የወሰዳቸው መምህሩ ነው። ሐኪሙ ሼሁን ጥቂት ነገር ጠየቃቸው፤ ሥዕል አስሎ አየ፤ የጭንቅላት ምርመራ አዘዘ። ከዚያ ሁለቱን ልጆች ለብቻቸው ጠርቶ ነገሩን ሳያለባብስ ነገራቸው። «የመርሳት በሽታ ነው። የሚያዘገየው መድኃኒት እሰጣችኋለሁ። ወደነበሩበት ግን አይመለሱም። እንዲያውም ይብስባቸዋል።»

ሲመለሱ ሼሁ ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ለሾፌሩ ዱዓ ያደርጉለት ነበር። መምህሩ ወደ እህቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ይሄን ነገር ለማንም አንናገር» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እስከምናስብበት። እነዚህ ሰዎች የተሰበሰቡት በእሳቸው ነው። ግንበኛውን እስቲ አስቢው፤ አባባ አበዱ ቢባል ነገ የት የሚሄድ ይመስልሻል? የትልቁ መስጊድ ሰዎችስ ምን ይላሉ?»

«አላበዱም። ታመዋል።»

«ለእኔና ለአንቺ ነዋ።»

ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ክፉ ሰው አይደለም። ያቺን ክፍል እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። እሷም ብትሆን አባቷ መንገድ ላይ የልጅ መሳቂያ ሲሆኑ ማየት አትፈልግም። ሆድ ይፍጀው ብላ አፏን ያዘች።

ወርክሾፑ ተዘጋ። ሼሁ አርጅተዋል፣ አሁን ዕረፍታቸው ነው ተባለ፤ ሰዉም አመነ። ዓርብ ዓርብ ግን እንደ ድሮው መካከል ይቀመጣሉ። ደግሞ የሚገርመው፣ ዚክር ሲጀመር ያ የተዘበራረቀ ሰው የለም። ቃሉም ዜማውም አይጠፋቸውም። ፊታቸው ይበራል። ዚክሩ ሲያልቅ ነው ዓይናቸው ቀስ እያለ ባዶ የሚሆነው። ሰዎቻቸው ይህንን አይተው የራሳቸውን ትርጉም ሰጡት። «ሼሁ ከእኛ ርቀዋል፤ ከጌታቸው ጋ ናቸው» ተባባሉ። ዝም ሲሉ ምስጢር ነው ተባለ። ያልተገናኘ ነገር ሲናገሩ ቅኔ ነው ተብሎ ይፈታ ጀመር። አንዲት ሴት ልጇን ልትድር መጥታ ብታማክራቸው «ላሜራው ቀጭን ነው» አሏት፤ ሙሽራውን ነው ብላ ሰርጉን አፈረሰች። መምህሩ ይህንን ሰምቶ ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም።

ከሼሁ ሰዎች መካከል አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ሼሁን ከወጣትነቱ ጀምሮ ነው የተከተላቸው። ስኳር አለበት። ከእግሩ ጣት ሥር የወጣች ቁስል እየሰፋች፣ እየጠቆረች መጥታ መንዳት ከተወ ሰነባብቷል። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በምርኩዝ እየተደገፈ መጣ። ሼሁ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መምህሩ ዕረፍት ላይ ስለነበር አጠገባቸው ተቀምጧል። ልጅቱ በር ላይ ቆማ የተቀደደ ኮሌታ ትተረትራለች።

ሾፌሩ የሼሁን እጅ ሳመና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ሼሄ፣ ሐኪሞቹ ይቆረጥ ብለዋል» አላቸው። «ከጉልበት በታች። በዚህ ሳምንት ካልሆነ ልናድንህ አንችልም አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳላማክርዎ አልፈርምም ብዬ መጣሁ።»

ሼሁ አዩት። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ ሥራ ሲመጣላቸው እንደሚያደርጉት፣ አሰቡ። ከዚያ «አይቆረጥም» አሉ። ድምፃቸው ጠንካራ ነበር። «ለምን ይቆረጣል? አትቁረጠው። ይበየዳል።»

ልጅቱ እጇ ላይ ያለውን ኮሌታ ረሳችው። አባቷ ያዩት እግር ሳይሆን ብረት እንደሆነ እሷ ወዲያው ገባት። ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ሾፌሩ ግን ፊቱ ተለወጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለው ያን ሰዓት ነው። የሼሁን እጅ አገላብጦ ስሞ፣ ምርኩዙን አንሥቶ ወጣ።

ልጅቱ አላስችል አላት። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተከትላው ከበሩ ውጭ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ቆይ። ሐኪሞቹ ያሉህን አድርግ።»

«ሼሁ ያሉትን አልሰማሽም እንዴ ልጄ?»

«ሰምቻለሁ። ግን አባባ ሰሞኑን…» አለችና ቃል አጠራት። ከኋላዋ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሳትዞርም ዓይኑ ጀርባዋ ላይ እንዳረፈ ታውቃለች። «ሰሞኑን ደክሟቸዋል» አለች።

ሾፌሩ በፍቅር አያት። «ያልደከመው ማን አለ?» አላት። «የሳቸው ድካም ከእኛ ብርታት ይሻላል።» ከዚያ ሰውነቱን ምርኩዙ ላይ ጥሎ እያነከሰ ሄደ። እሷም እስኪታጠፍ ቆማ አየችው። ልትጠራው አፏን ከፍታ ነበር። ሚስቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ሐኪም ነግሮታል፣ እግሩ ሲብስበት ራሱ ይሄዳል አለች በሆዷ። በዚህ ራሷን አታልላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አልሄደም። እግሩ እንዳይቆረጥ በየሌሊቱ ሲያለቅስ የኖረ ሰው፣ አይቆረጥም ያለውን አንድ አፍ አግኝቶ እንዴት ብሎ ይሄዳል? መርዙ ወደ ደሙ ገባ። ሰውነቱ እንደ እሳት ነዶ፣ ሲቃዥ ሰንብቶ፣ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱት ጊዜ ሐኪሞቹ ከማዘን በስተቀር ሊያደርጉ የቻሉት ነገር አልነበረም። በማግሥቱ አረፈ።

ያጠቡት የዓርብ ወንድሞቹ ናቸው። መምህሩም ከአጣቢዎቹ አንዱ ነበር። እግሩን ሲያጥብ ማንቆርቆሪያውን ከእጁ እንደጣለ፣ ሌላ ሰው እንደተካው፣ ልጅቱ ኋላ ነው የሰማችው። የቀብሩ ዕለት ማታ ወንድሟ መጥቶ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «አጀሉ ደርሶ ነው፤ ቀኑ ሞልቶ» አለ። እሷ መኪናዋን ረግጣ ስፌቷን ቀጠለች፤ እሱም ተነሥቶ ሄደ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ሐዘናቸውን ይዘው ዝም እንዳሉ ይቀሩ ነበር። ግን ከቀብሩ በኋላ ሌላ ወሬ ተነሣ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። «አይቆረጥም አላሉም ነበር? ይኸው አልተቆረጠም። ሰውየው ከነሙሉ አካሉ ነው አፈር የገባው። ሼሁ ያሉት ደረሰ።» ይህ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ጊዜ አልፈጀም። የዓርቡን ጉባኤ አይተው የማያውቁ ሰዎች በፈዘዘ ዓይን፣ በተሸፈነ ቁስል፣ በደም ግፊት፣ በካንሰር ይጎርፉ ጀመር። ከሩቅ የመጣ አንድ ሰው የልጁን የራጅ ፎቶ ይዞ ደጃፉ ላይ አደረ። ሼሁ ለአንዱ «ቀለም ቀባው» ይላሉ፤ ለሌላዋ «እናትሽን ጥሪያት» ይላሉ፤ ሰውየውም ሴትየዋም እያለቀሱ ይሄዳሉ። ልጅቱ ከጓዳ ትሰማለች። እያንዳንዱ ሰው በወጣ ቁጥር ያ በምርኩዝ የሄደ ሰው ነው የሚታያት።

«እንዝጋው» አለችው ወንድሟን።

«እንዴት ብዬ? ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱ ሾፌሩን ያስነሣዋል?» አላት፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አሁን ብናገር እኮ አባባ ሰው ገደሉ ማለት ነው። እኔና አንቺም አብረን።»

ከዚያ የሾፌሩ ሚስት መጣች። ጠዋት ነበር፤ ሰው ገና አልተሰበሰበም። ፊቷ ከስቶ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ሳትቀመጥ ሼሁ ፊት ቆመች። ልጅቱ ወንበር ብታመጣላትም አላየችውም።

«ሼሄ፣ ስለ ባለቤቴ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች።

ሼሁ አወቋት። እንዲያ ያለ ቀን አንዳንዴ ይመጣላቸዋል። ፊታቸው ፈካ። «ሾፌሩ እንዴት ነው? ስኳሩን ይጠንቀቅ በይው። ያለ ጫማ እንዳይሄድ። እግሩ ላይ ቁስል ካየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ስኳር ያለበት ሰው በእግሩ አይቀልድም።»

ሴትየዋ ወንበሩን ያን ጊዜ ነው የያዘችው። «ሞቷል እኮ ሼሄ» አለች።

«ኢንና ሊላሂ» አሉ ሼሁ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «መቼ? ምነው ሳትነግሩኝ? እኔ ሳልቀብረው?» ልክ እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ ጢማቸው ራሰ። እሷም አብራቸው አለቀሰች። ከዚያ ልቅሶው ሳይታሰብ ተቋረጠ። ሼሁ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እርጥበቱን ዳሰሱ፤ ከምን እንደመጣ የገባቸው አይመስሉም። ቀና ብለው አዩዋት። «ባልሽ እንዴት ነው?» አሏት። «ስኳሩን ይጠንቀቅ በይው።»

የሾፌሩ ሚስት ቀስ ብላ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል።»

«ባለቤቴ የመጣ ቀንም እንዲህ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«አንቺ እዚህ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ እትዬ።»

«ነግረሽዋል?»

ልጅቱ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «ደክሟቸዋል አልኩት» አለች።

«ደክሟቸዋል» አለች ሴትየዋ። ቃሉን እንደ ባዕድ ነገር አፏ ውስጥ አገላበጠችው። «ደክሟቸዋል።» ሻሿን አጠበቀችና ወደ በሩ ሄደች። ደፉ ላይ ስትደርስ፣ ሳትዞር፣ «ቢያንስ ሌላውን ሰው አትግደሉ» አለች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ሰው በረንዳው ላይ ሁሉ ተቀምጧል። ሴቶቹ እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ዚክሩ ሲያልቅና ሰዉ ወደ ሼሁ ሊጠጋ ሲል፣ ልጅቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና አባቷ አጠገብ ቆመች።

«አባባ ታመዋል» አለች። «የመርሳት በሽታ ነው። ሐኪም ካየው ከዓመት በላይ ሆኖታል። የሚናገሩትን አያውቁም። ሾፌሩን ይበየዳል ያሉት ብረት መስሏቸው ነው። እኛ ይህንን እያወቅን ዝም አልን።»

ከበረንዳው በኩል አንድ ሽማግሌ፣ «አፍሽን ያዢ፤ በአላህ ወዳጅ ላይ ነው የምትናገሪው» አላት።

«በአባቴ ላይ ነው የምናገረው» አለች። «ጫማቸውን የማደርግላቸው እኔ ነኝ።»

መጠጥ የተወው ግንበኛ ከመካከል ተነሣ። እሷን ሳይሆን ወንድሟን ነበር የሚያየው። «መምህር፣ እውነት ነው?»

መምህሩ ከአባቱ ቀኝ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ አፉን ይጠብቃል። አይደለም ቢል ያምኑት ነበር፤ እህቱም ያን ታውቀዋለች። እሱ ግን «ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ» አለ። ሼሁ ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው ዚክራቸውን ለብቻቸው ቀጥለው ነበር።

ክፍሉ በአንዴ አልፈረሰም፤ እንደ ረጠበ ግድግዳ ነው ቀስ እያለ የረገፈው። አንዳንዱ ልጆቻቸው ሼሁን በቁማቸው ቀበሯቸው ብሎ ተቆጥቶ ቀረ። አንዳንዱ ሌላ ሼህ ፈለገ። የትልቁ መስጊድ ሰዎች፣ ድሮም ብለን ነበር አሉ። ግንበኛው ለጥቂት ዓርብ መጣና ጠፋ፤ ልጅቱ ክር ልትገዛ ስትሄድ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ አየችው። እሱም አያት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንድሟ ለረጅም ጊዜ አኮረፋት። ቤት ሲመጣ ለአባቱ ነው የሚያወራው፤ ከእሷ የሚፈልገው ነገር ካለ እንኳ በአባቱ በኩል ነው፤ «አባባ፣ ውኃ ይሰጡኛል?» ይላል፤ ውኃውን የምታመጣው እሷ ናት።

ሼሁ ባሰባቸው። መጀመሪያ መንገዱ ጠፋቸው፤ ከዚያ ቤቱ፤ ከዚያ ማንኪያ ምን እንደሚሠራ። በመጨረሻ የዚክሩ ቃል እንኳ ከዳቸው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ከእጅ ጣት የማይበልጡ ሰዎች ናቸው፤ የታረቁት ወንድማማቾች ነበሩበት፤ መምህሩ ነበረበት። ዚክሩ ሲጀመር ሼሁ እንግዳ ቤት እንደመጣ ሰው አንዱን ካንዱ እያፈራረቁ አዩ። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ድምፃቸው ሟሸሸ። መምህሩ ግን አላቋረጠም። የአባቱን እጅ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንባው እየወረደ፣ ብቻውን ቀጠለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሲያልቅ ለእህቱ፣ እውነቱን ከተናገረችበት ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ዛሬ እኔ ላጥባቸው» አላት።

አሁን ተራ አላቸው። ከታረቁት ወንድማማቾች አንዱ ያጥባቸዋል፤ ሌላው ያጎርሳቸዋል፤ መምህሩ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪተኙ አብሯቸው ይቀመጣል። ከሩቅ ወሬ ሰምቶ የሚመጣ በሽተኛ አሁንም አልጠፋም። በሩን የሚከፍተው መምህሩ ነው። «አባታችን ታመዋል፤ ምክር አይሰጡም» ይለዋል። «ሐኪም ምን አለህ?» ብሎም ይጠይቀዋል። አብዛኛው ቅር ብሎት ይመለሳል፤ አንዳንዱ ልትደብቁብን ነው ብሎ ይራገማል። ገብቶ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ትራሳቸውን አስተካክሎ የሚሄድም አለ።

የሾፌሩ ሚስት በዚያ መንገድ ታልፋለች፤ ገበያዋ በዚያ ነው። ልጅቱ በመስኮቷ ስታያት የስፌት መኪናዋን አቁማ ትነሣለች። ልታናግራት ደጃፏ ድረስ ሄዳ ታውቃለች። ሴትየዋ በሩን ከፍታ፣ አይታት፣ መልሳ ዘግታዋለች። ልጅቱ ዳግመኛም ሄዳለች፤ አሁንም ትሄዳለች። በሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።